ጥርስ የሚታከመው ሳያመን ነው

(የመግቢያ ሙዚቃ ተሰምቶ ዝቅ ይላል)

  የዛሬው ሳምንታዊ የጤና ትምህርት ዝግጅታችን ርዕስ የአፍና የጥርስ ጤና ነው። ዝግጅቱን ያሰናዳሁት በተለይ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ በአየር ጤናና በዙሪያዋ፣ በዓለም ባንክ፣ በቤቴል፣ በወይራ ሰፈርና በካራ ቆሬ የምትኖሩ ቤተሰቦችን እያሰብኩ ነው። ከሌላ የአገራችን ክፍል የምታዳምጡንም ጉዳዩ የእናንተም ነውና አብራችሁን ቆዩ።

በአዲስ አበባ ዋና ዋና መንገዶች ዳር የጥርስ ክሊኒክ ሰሌዳ ማየት ብርቅ አይደለም። ወደዚያ በር የምንገባው ግን መቼ ነው? አብዛኞቻችን የምንሄደው ሕመሙ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶን ካደረ በኋላ፣ አለዚያም ጉንጫችን አብጦ ሲያድር ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ ጥርሱን የማትረፍ ዕድሉ ጠብቧል። እኛም የምንለው አንድ ነገር ነው፤ «ንቀለውና ልገላገል»። ጥርሱ ግን መበላሸት የጀመረው ባመመን ዕለት አይደለም፤ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት ነው። በእነዚያ ዝም ባሉት ወራት ቢታይ ኖሮ ሕክምናው ቀላል፣ ወጪውም ትንሽ በሆነ ነበር። ዛሬ አጥብቄ የምናገረው ይህንኑ ነው፦ ጥርስ የሚታከመው ሳያመን ነው። ይህ እንዲሆን ደግሞ የእኛ ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም፤ አገልግሎቱም ሰው ወዳለበት መቅረብ አለበት።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዓለም አቀፍ ሪፖርት 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ ማለትም ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ፣ የአፍ ወይም የጥርስ በሽታ እንዳለበት አስታውቋል። ከእነዚህ ከአራቱ ሦስቱ የሚኖሩት በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ከበሽታዎቹ አብዛኞቹን ግን መከላከል ይቻላል።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

እስቲ ጥርስ እንዴት እንደሚቦረቦር እንመልከት። የጥርሳችን የላይኛው ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰው አካል ውስጥ ከእሱ የሚጠነክር ነገር የለም። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በኋላም ጥርሶቿ መንጋጋዋ ላይ ነበሩ፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች መሆኗን ተመራማሪዎች ካወቁባቸው ምልክቶች አንዱም የበቀለው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሷ ነው። እንዲህ ያለውን ጠንካራ ነገር የሚያሸንፈው አሲድ ነው።

አሲዱ የሚመጣው ከራሳችን አፍ ነው። ጥርሳችን ላይ ዘወትር ስስ የሚያጣብቅ ሽፋን ይጋገራል፤ ውስጡ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ስኳር ስንወስድ እነሱም ይመገቡና በደቂቃዎች ውስጥ አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱም የኢናሜሉን ማዕድን ያሟሟል። ምራቃችን አሲዱን አርግቦ የተወሰደውን ማዕድን ለመመለስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ምራቅ ሥራውን ሳይጨርስ ስኳር ደግመን ከወሰድን ጥርሱ የማገገሚያ ጊዜ ያጣል። ብዙዎች «ጥርሴን ትል በላው» ይላሉ፤ ጥርስ ውስጥ ግን ትል የለም። የሚበላው አሲዱ ነው።

ስለዚህ ከስኳሩ መጠን ባልተናነሰ የሚጎዳን መደጋገሙ ነው። የቡና ሥርዓታችንን አስቡት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት እንጫወታለን። ሦስቱንም ሲኒ በስኳር ከጠጣን ጥርሳችን ከቡናው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አሲድ ውስጥ ቆየ ማለት ነው። ቡናችሁን ተዉ ማለቴ አይደለም። ቡና ያለ ስኳር፣ ወይም በአገራችን በብዙ ቦታ እንደሚጠጣው በጨው ሊጠጣ ይችላል። ስኳር ካስፈለገም አቦሉ ላይ አድርጋችሁ ቶናውንና በረካውን ያለ ስኳር ጠጡ። ቆሎውና ፈንዲሻውም ስኳር ሳይነሰነስባቸው ይቅረቡ። ቀኑን ሙሉ ለስላሳ የሚጎነጭ፣ ከረሜላ ከአፉ የማይለይ ልጅም እንደዚሁ ነው፤ ያማረው እንደሆነ ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ይብላና ይጨርስ፤ በመካከል ውሃ ይጠጣ።

(ሙዚቃ)

ስለ ማጽዳት እንነጋገር። የጥርስ ሐኪሞች የሚመክሩት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ያህል መቦረሽን ነው። ከሁለቱ አንዱ የግድ ማታ፣ ልትተኙ ስትሉ ይሁን፤ ስንተኛ ምራቃችን ስለሚቀንስ ጥርሳችን ያለ መከላከያ ያድራል። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። ፀጉሩ ሲጎብጥ፣ ወይም በየሦስት ወሩ ገደማ ይቀየር። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱ ብሩሽ ይኑረው። ቦርሻችሁ ስትጨርሱ አረፋውን ትፉ እንጂ አፋችሁን በብዙ ውሃ አታጥቡት፤ የጥርስ ሳሙናው መድኃኒት ጥርሱ ላይ ሊቆይ ይገባል።

«ብሩሽ ለመግዛት አቅም የለኝም» የሚል አድማጭ ካለ፣ አያቶቻችን የሰጡን መፋቂያ አለ። በየታክሲ ማቆሚያው በትንሽ ገንዘብ የሚሸጠው የወይራ መፋቂያ በአግባቡ ከተጠቀሙበት ጥርስን ያጸዳል። ስዊድናዊው የጥርስ ሐኪም ቤንግት ኦልሶን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጥናት መፋቂያ በኢትዮጵያ ተማሪዎች የአፍ ንጽህና ትምህርት ውስጥ ያለውን ጥቅም መርምሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለበት አገር መፋቂያን መጠቀምን አበረታቷል። የእኛ ችግር ያለው አጠቃቀማችን ላይ ነው፤ መንገድ ስንሄድ የፊት ጥርሳችንን ብቻ እየፋቅን የመንጋጋችንንና የውስጡን ወገን እንረሳለን። የመፋቂያውን ጫፍ አኝካችሁ እንደ ብሩሽ አለስልሱት፤ ከድዳችሁ ወደ ጥርሱ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ የኋላውንም፣ የውስጡንም አዳርሱ። ጫፉ ሲያረጅ ቆርጣችሁ አዲስ አውጡ። በከሰልና በአመድ አጥብቆ መፋቅ ግን ኢናሜሉን ስለሚሞርደው ተዉት።

መፋቂያ የማይሰጠን አንድ ነገር ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ ኢናሜሉ አሲድን እንዲቋቋም የሚያደርግ ማዕድን ነው። እኛ በልማድ ሁሉንም የጥርስ ሳሙና «ኮልጌት» እንላለን፤ የትኛውንም ስትገዙ ግን ካርቶኑ ላይ ፍሎራይድ ያለበት መሆኑን አንብቡ፤ መጠኑ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ቢሆን ጥሩ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና በመስከረም 2014 ዓ.ም. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ እንደ ማስዋቢያ አትዩት፤ መድኃኒት ነው።

እዚህ ላይ ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለምታዳምጡን የተለየ መልእክት አለኝ። ፍሎራይድ በመጠኑ ሲሆን ይጠብቃል፤ ሲበዛ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ከዚህ ያልፋል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ካደጉት የተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በፍሎራይድ ተጎድቶ ተገኝቷል። በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ደግሞ ጉዳቱ ከጥርስ አልፎ አጥንትና አከርካሪ ላይ ደርሶ ነበር። ጥርሱ ቡናማ የሆነን ልጅ «አይታጠብም» እያላችሁ አታሸማቅቁት፤ ቀለሙ የመጣው ጥርሱ ድድ ውስጥ እያለ ከጠጣው ውሃ ነው። መፍትሔውም የውሃውን ምንጭ መቀየር ወይም ፍሎራይዱን ማጣራት ነው። እኛ አየር ጤና ያለን ግን ከደጋው የሚመጣው የገፈርሳና የለገዳዲ ግድብ ውሃ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ መከላከያውን የምናገኘው ከጥርስ ሳሙናው ነው።

(ሙዚቃ)

እናቶችና አባቶች፣ አያቶችም፣ አሁን ስለ ሕፃናት ነው የምናገረው።

ሕፃን ልጅ ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰው፣ ሲነጫነጭ «ግግ ነው፣ ይውጣለት» የሚባል ልማድ በብዙ የአገራችን አካባቢ አለ። ገና ያልበቀለውን የሕፃኑን ጥርስ ድዱን ሰንጥቆ በስለት ማውጣት ነው። እንጥል ማስቆረጥም እንደዚሁ። ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ለማስቀረት የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1997 ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ሁለቱም በስፋት ከሚፈጸሙት ድርጊቶች መካከል ነበሩ። ድዱ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየው እብጠት የክራንቻ ጥርሱ ቦታ ነው፤ በሽታ አይደለም። ተቅማጡን የሚያመጣው ንጽህና የጎደለው ውሃና ምግብ፣ ትኩሳቱን የሚያመጣው ኢንፌክሽን ነው። ድዱን መሰንጠቅ ደግሞ ደም ያፈሳል፤ ለመንጋጋ ቆልፍና በደም ለሚተላለፉ በሽታዎች ያጋልጣል፤ ከሥር ያለውን የቋሚ ጥርስ ፍሬም ያበላሻል። ይህን የምታደርግ እናት ልጇን ጠልታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ልጇ እንዲድን ፈልጋ ነው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ልጁ ሲያስቀምጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እየሰጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሁለተኛው ጉዳይ ጡጦ ነው። ልጁ ወተት ወይም የስኳር ውሃ ያለበትን ጡጦ እንደጎረሰ ሲያንቀላፋ፣ ስኳሩ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱ ላይ ያድራል። የላይኛው የፊት ጥርሱ ጠቁሮ የሚሰባበረው በዚህ ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው በስድስት ወር አካባቢ ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጽዱ።

ሦስተኛው ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነው። ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። አንድም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚበቅል «የወተት ነው፣ ይለወጣል» ተብሎ ይተዋል። አይለወጥም። ዕድሜ ልክ የሚያኝክበት ቋሚ ጥርሱ ነው። የወተት ጥርስም ቢሆን ለቋሚው ቦታ ይዞ የሚጠብቅ ነውና ሲቦረቦር ዝም አይባልም።

ለአዋቂዎች ደግሞ ስለ ድድ አንድ ነገር ልበል። ስትቦርሹ ድዳችሁ ከደማ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ድዱ ሥር የተጋገረው ቆሻሻ ነው፤ ደማ ብሎ መቦረሽ ማቆም ያባብሰዋል። የደነደነውን ቆሻሻ ባለሙያ ጥርሱን በማጠብ ያነሣዋል። ማሳጠብ ጥርስን አያሳሳም። የድድ በሽታ ሲጠና ጤነኛ የሚመስለው ጥርስ ሁሉ መነቃነቅ ይጀምራል። ስኳር በሽታ ያለባችሁ ለዚህ ይበልጥ ተጋላጮች ናችሁ፤ የድድ ኢንፌክሽኑም በተራው ስኳራችሁን ያስቸግራል። ነፍሰ ጡር እህቶች፣ በእርግዝና ድድ በቀላሉ ይቆጣልና ለእርግዝና ክትትል ስትሄዱ ስለ አፋችሁም ንገሩ፤ የጥርስ ሕክምና በእርግዝና ጊዜ የተከለከለ አይደለም። ሲጋራና ጫትም ድድን ይጎዳሉ፤ ጫቱ በስኳርና በለስላሳ ሲታጀብ ጥርሱም አብሮ ይሄዳል። አፍ ውስጥ ያለ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ በፍጥነት ታዩ፤ የአፍ ካንሰር ቀድሞ ሲደረስበት ይታከማል።

(ሙዚቃ)

ሕመሙ ከመጣስ ምን እናድርግ? ቅርንፉድ ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዛል፤ በውስጡ ያለውን ዘይት የጥርስ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። የተቦረቦረውን ግን አይሞላውም። ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ ወይም አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ድዱን ያቃጥለዋል። የጎረቤትን የተረፈ አሞክሳሲሊን መዋጥም መፍትሔ አይደለም፤ ምንጩ ካልታከመ ሕመሙ ይመለሳል፤ መድኃኒቱም በሚያስፈልገን ቀን እንቢ ይለናል። «የላይ ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል» የሚባለው እውነት አይደለም። ዓይንን፣ አንዳንዴም ሕይወትን የሚያሰጋው ሳይታከም የቀረ ኢንፌክሽን ነው። ከአገጫችሁ ሥር ወይም አንገታችሁ ላይ እብጠት ከመጣ፣ መዋጥ፣ አፍ መክፈት ወይም መተንፈስ ከከበዳችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ፈቃድ በሌለው ቤት፣ ባልተቀቀለ መሣሪያም ጥርሳችሁን አታስነቅሉ። «መሣሪያው ከታሸገበት ሲወጣ ልየው» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ፤ ሕክምናው የት ነው? በምን አቅም?

እውነቱን እንናገር። የጥርስ ሐኪሞቻችን በብዛት ያሉት በአዲስ አበባና በትላልቅ ከተሞች፣ ያውም በግል ክሊኒኮች ነው። የአዲስ አበባ፣ የጅማና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሐኪሞችን ማሠልጠናቸው ትልቅ ተስፋ ነው። ያም ሆኖ የገጠር ገበሬ ለአንድ ጥርስ የሥራ ቀኑንና የመጓጓዣውን ገንዘብ ከፍሎ ከተማ ድረስ ይመጣል። አየር ጤና ያለ የቀን ሠራተኛም ክሊኒኩ ቅርቡ ሆኖ ዋጋው ይርቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያችሁ ሂዱ። ጤና ጣቢያው የሚችለውን ይሠራል፤ የማይችለውን ሪፈር ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሆናችሁ የትኛው የጥርስ ሕክምና እንደሚሸፈንላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ነገር ግን ሐኪም እስኪበዛ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ አንድ ዘዴ ተጀመረ። መብራትና ማሽን ሳያስፈልግ፣ የበሰበሰውን የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ጠርጎ ፍሎራይድ በሚሰጥ ሲሚንቶ መሙላት ነው። ይህ ሲሚንቶና የመቦርቦርን ጉዞ የሚያቆም አንድ ቅብ መድኃኒትም ከዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ገብተዋል። የሠለጠነ የጤና ባለሙያ በገጠር ጤና ጣቢያም፣ በትምህርት ቤት ግቢም ሊሠራባቸው ይችላል። ነቀላን ብቻ ከሚሰጥ ክፍል፣ ጥርስን ወደሚያተርፍ ክፍል ለመሸጋገር የሚጠይቀው ወጪ ብዙ አይደለም።

ሌላው መንገድ ትምህርት ቤት ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ይመግባል። ልጆቹ በየቀኑ አንድ ላይ ይበላሉ፤ እጃቸውንም ይታጠባሉ። ታዲያ ከምግብ በኋላ ሁለት ደቂቃ አብረው ጥርሳቸውን ቢቦርሹስ? ፊሊፒንስ ውስጥ ይህ ተደርጓል፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች በመምህራቸው መሪነት እጃቸውን እየታጠቡ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና በየቀኑ በቡድን ይቦርሻሉ። የሚያስፈልገው ብሩሽ፣ ጥቂት ሳሙናና ውሃ ነው፤ የጥርስ ሐኪም በየክፍሉ መቆም የለበትም። በኮልፌ ቀራኒዮ ያላችሁ ርዕሳነ መምህራንና የወላጅ ኮሚቴዎች ይህን በአንድ ትምህርት ቤት ጀምሩትና እንየው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት ጤናን ሲያስተምሩ የኖሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም ስለ መጸዳጃና ስለ እጅ መታጠብ ሲናገሩ የልጁን ከንፈር ገለጥ አድርገው ጥርሱንና ድዱን ቢያዩ ብዙ ነገር ይቀድማሉ።

ይህ መቅደም ሕይወት የሚያድንበት ጊዜም አለ። ኖማ የሚባል በሽታ በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ሕፃናትን ያጠቃል። በድድ ቁስል ይጀምርና በጥቂት ቀናት ጉንጭን ይበላል። ካልታከመ ከሚይዛቸው እስከ 90 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል። ቀድሞ ሲታይ ግን በአንቲባዮቲክ፣ በአፍ ንጽህናና በምግብ ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው ይህ በሽታ በአገራችንም አለ። ድዱ የቆሰለና አፉ የሚሸት ሕፃን፣ በተለይ ከኩፍኝ ያገገመ ከሆነ፣ ለነገ አይባልም።

አድማጮቻችን፣ ጊዜያችን እያለቀ ነው። መጋቢት 11 የዓለም የአፍ ጤና ቀን ነው። እናንተ ግን ያን ቀን አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ከመተኛታቸው በፊት አብራችሁ ቦርሹ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ካላችሁ የኋላውን አዲስ መንጋጋ ፈልጉት። በዚህ ሳምንት ከስኳር ጋር የምትጠጡትን ቡናና ሻይ ቁጠሩና አንዱን ቀንሱ። በዚህ ወር ከቤተሰባችሁ መካከል ጥርሱ የተቦረቦረ ግን ገና ያላመመው ሰው ካለ እሱን መጀመሪያ ውሰዱት። በሰፈር ስብሰባና በዕድራችሁ ደግሞ ይህን ጠይቁ፦ የጤና ጣቢያችን የጥርስ ክፍል አለው ወይ? ጥርስ ይሞላል ወይስ መንቀል ብቻ ነው? ጥያቄው ከብዙ ሰው አፍ ሲመጣ በጀት ለሚመድበው ኃላፊም ይሰማዋል፤ ሊሞላ የሚችል ጥርስ መነቀሉ እንዲቆም የሚያደርገውም ይኸው ጥያቄያችሁ ነው።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)